ኡስታዙ የቆመባት ጉድጓድ

የበሰበሰ እበትና ጭቃ ሽታ ብዙ ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል። እኔ ግን ደስ ይለኛል። ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከተከራየንበት ግቢ ጀርባ ሰዎች የበረት ግድግዳ ሲመርጉ ሽታው በመስኮት ገባ። እማ ልትዘጋው ስትነሳ «ተይው» አልኳት። ልጅ ሆኜ ካርቱም፣ ማዮ ሰፈር ውስጥ የቀመስኳት አንዲት ድል እንደዚሁ ነበር የምትሸተው።

ማዮ ያደጋችሁ እኩዮቼ ዚባላን አትረሱትም። ቤቶቻችን የጭቃ ነበሩ፤ ጣራቸውም እንጨት፣ ሰሌንና ጭቃ። ኸሪፍ፣ ማለትም ክረምቱ፣ ከመግባቱ በፊት እበት ከጭቃና ከገለባ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይቦካል፤ እስኪበሰብስ ድረስ እኛ ልጆች በእግራችን እንረግጠዋለን። ያ ነው ዚባላ። በደንብ ሲበስል ጣራው ይመረግበታል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ አያስገባም። ሥራው በነፊር፣ እንደኛው ደቦ፣ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ በየጁመዓው የአንድ ሰው ቤት ይመርጋል፤ ተራው ያለፈበት ሰው ሌላው ሁሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ተራውን የምትይዘው ጎረቤታችን ሃጃ ዘይነብ ነበረች፤ ከእሷ ጋር የሚከራከር አልነበረም።

እማ እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ እዚያው ታድር ነበር። ወደ እኔ የምትመጣው ጁመዓ ጁመዓ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን የማድረው ሃጃ ዘይነብ ዘንድ፣ ከልጆቿ ጋር ተጣብቄ ነው። ስለዚህ የራሳችን የነበረችው አንዲት የጭቃ ክፍል ለእኔ እናቴን የማገኝባት ቦታ ነበረች። ጠዋት ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ከሰዓት ተቃቅፈን እንተኛለን፣ ስንነቃ የቪላውን ወሬ እያስመሰለች ታስቀኛለች። ሳምንቱን የምገፋው ያቺን ቀን እያሰብኩ ነበር።

ያን ጊዜ አሮጌው መንግሥት ወድቆ ሰው ሁሉ ስለ አዲስ ነገር ያወራል። የሰፈሩ ወጣቶች በአብዮቱ መንገድ የዘጉበት ጡብ ገና ከየጥጉ አልተነሳም። ክረምቱ ሳይገባ ገና ቴሌቪዥኑ «ዘንድሮ ዝናቡ ከባድ ነው፣ ዓባይ ይሞላል፣ ተዘጋጁ» ማለት ጀመረ። ይህን የሚናገረው አንድ ረዥም፣ ድምፁ የሚጥም ጋዜጠኛ ነበር፤ ሁሉም ለክብሩ ኡስታዝ ይለዋል። እማ በቪላው ሳሎን ልብስ ስትተኩስ ሁልጊዜ ስለምታየው እንደ ሥጋ ዘመዷ ነበር የምታወራለት።

ተራችን በደረሰበት ጁመዓ ኡስታዙ ራሱ ከነካሜራው ማዮ መጣ። ሕዝቡ እንዴት እየተዘጋጀ እንደሆነ ሊቀርፅ ነው። ዚባላችን በስሎ፣ ወንዶቹ መሰላል አቁመው፣ ሴቶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሥራው ሊጀመር ነበር። ጉድጓዷን አየና አፍንጫውን ያዘ። «ተመልካች ቁርስ እየበላ ነው የሚያየን፤ ይሄ አይሆንም» ብሎ ከመኪናው ባዶ ጆንያ አስወረደና አሸዋ እንድንሞላ አዘዘ። አሸዋ የያዘ ጆንያ ለካሜራ ያምራል።

«ያ ኡስታዝ፣ የዚህች ሴትዮ ጣራስ?» አለችው ሃጃ ዘይነብ።

ኡስታዙ ወደ እማ ዞረና በዚያ በሚጥም ድምፁ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አታስቢ። ጥሩ ወፍራም ፕላስቲክ አመጣልሻለሁ፣ ጣራሽን እናለብሰዋለን። እስከ ማክሰኞ፣ ኢንሻላህ» አላት። እማ አፈረች፣ ፈገግም አለች። «ኸላስ፣ በቃ ሃጃ፣ ተራዬን ለቅቄያለሁ» አለች። በየቀኑ ሳሎን ውስጥ የምታየው ፊት ይዋሻል ብላ አላሰበችም፤ እኔም አላሰብኩም።

ቀኑን ሙሉ አሸዋ ስንዝቅ ዋልን። ሳቁ ሲለን ሳቅን፣ ጆንያውን በትከሻችሁ አድርጉት ሲለን አደረግን። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ «ያላ፣ አሁን አራግፉት» አለን። ጆንያው የፕሮግራሙ ነው፣ ለሌላ ሰፈርም ያስፈልጋል። በገዛ እጃችን የሞላነውን በገዛ እጃችን ደፋነው። ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው ጭነው ሄዱ።

ማክሰኞ ፕላስቲክ የሚባል ነገር አልመጣም። በቀጣዩ ጁመዓ የሌላ ሰው ጣራ ተመረገ፣ የእኛ ዚባላ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ትምህርት ቤት እያለን፣ ሰማዩ በአቧራ ቀላ፤ ከአቧራው ኋላ ዝናቡ ወረደ። ቤት ስደርስ ክፍላችን ተደርምሳለች። ከጭቃው ሥር የእማ አልጋ አንድ እግር ብቻ ይታያል። የተመረጉት ቤቶች ሁሉ ቆመዋል። ሰው አልሞተም፣ ጎረቤቱም አልሐምዱሊላህ አለ። እኔ አላልኩም።

ጁመዓ እማ መጣች። ፍርስራሹን ዞረችው፤ ሃጃ ዘይነብ ቤት ለአንድ ሰዓት ያህል በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ አብረን የምንውልበት ክፍል ስላልነበረ ወደ ሪያድ ሰፈር ተመለሰች። ያሳፈረቻት ራክሻ፣ የካርቱም ባጃጅ፣ ጭቃውን እየረጨች ስትርቅ ቆሜ አየሁ። ያን ሰውዬ የጠላሁት ያኔ ነው፣ ከልቤ።

ጎርፉ ጎደል ሲል ኡስታዙ ረዥም ቦቲ ተጫምቶ ተመለሰ። አሁን በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። ከካሜራው ፊት ሲለማመድ ሰማሁት። «እኛ አስቀድመን አስጠንቅቀን ነበር። የዚህ ሰፈር ሕዝብ ግን ጆሮ አልሰጠም» ይላል። ደሜ ፈላ። የፈረሰችው ክፍላችን ከጀርባው እንድትታይ ፈልጎ ኖሮ ወደ እኔ ዞረና «ያ ሻጥራ፣ አንቺ ጎበዝ፣ ደረቅ ቦታ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ማን እንደሆንኩ እንኳን አላስታወሰም።

የዚባላ ጉድጓዳችን እዚያው ክፍሏ አጠገብ ነበረች። ጎርፉ ደለል አልብሷት የደረቀ ደጃፍ መስላለች፤ የሰፈሩ ሰው ግን ዞሮ ነው የሚያልፋት። «እዚያ ጋ፣ ኡስታዝ» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ሃጃ ዘይነብ ጣቴን አየች፣ ጉድጓዷን አየች። ከዚያ ቶቧን፣ ያን ረዥም መጠቅለያ ልብሷን፣ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ለማየት ተመቻችታ ቆመች።

ሄዶ ጠርዟ ላይ ቆመ፤ ካሜራው ተከፈተ። «ጆሮ አልሰጠም» ከማለቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና እስከ ጭኑ ገባ። ሊወጣ ሲፍጨረጨር ወገቡ ድረስ ሰመጠ። ለጣራችን ብዬ በእግሬ የረገጥኩት ዚባላ ነጭ ሸሚዙን መረገው፣ ማይክሮፎኑንም ዋጠ። ሽታውማ አይወራም። ከወጣቶቹ አንዱ «ነፊር ያ ጀማዓ! ዛሬ ተራው የኡስታዝ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ጎትተው አወጡት፤ ግን ማንም አልተቻኮለም።

እማ በዚያች ሰዓት ቪላው ውስጥ እየተኮሰች ስታይ ነበር። ጁመዓ መጥታ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች «የኛዋ ጉድጓድ ናት አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ክፍላችን ከፈረሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያቺ አንድ ሰዓታችን በሳቅ አለቀች።

ዛሬ አድጌያለሁ፤ ጦርነቱ ሁላችንንም በትኖናል። እማ በየቀኑ አጠገቤ ናት፣ ጣራችን ቆርቆሮ ነው። ያቺን ጁመዓ የምናፍቃት ግን ለምን እንደሆነ አላውቅም። ይቅር ያሰኛል የሚባለው እድሜም እስካሁን አልመጣልኝም፤ ያን ሰውዬ ዛሬም ባገኘው እዚያችው ጋ ነው የማቆመው።

ትናንት በስልኬ አየሁት። ፀጉሩ ሸበት ብሏል፤ በሌላ ከተማ ሆኖ ዘንድሮም ዝናቡ ከባድ እንደሚሆን ይናገራል። የቆመው አስፋልት ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ከመራመዱ በፊት ንግግሩን አቋርጦ መሬቱን አየ። ለእማ አሳየኋት። መልሳ መላልሳ አየችውና «እግሩን ማየት ለምዷል» አለች። ሃጃ ዘይነብ ከጦርነቱ ወዲህ የት እንዳለች አናውቅም። ባውቅ ኖሮ ቪዲዮውን መጀመሪያ የምልከው ለእሷ ነበር።