ደረቁ ጨርቅ

ልጄ ሰሞኑን ጊዜው ያልደረሰ ሕፃን ወለደች። ሆስፒታል ስጠይቃት ሕፃኑ ያቀረሻል፤ ትንፋሹም ቆም ይላል።

"ወተቱ ነው አይደል የሚያንቀው?" አልኳት ነርሷን።

"አባባ፣ ሁለቱ እንዲህ ያለ ልጅ ላይ አብረው ይታያሉ እንጂ፣ አንዱ ሁልጊዜ የሌላው ጥፋት አይደለም። ገና ስላልጠና መተንፈስ ይረሳል።"

እኔ እህቴን ሰሚራን አስታወስኩ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሰሚራ በሰባት ወሯ ተወለደች። ጡት ጠብታ ታቀረሻለች፤ ትንፋሿ ቀጥ ይላል፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። ውስጥ እግሯን ስንነካካት ትመለሳለች። ቤቱ ሁሉ ወተቱን ጠላት አደረገ። ስትጠባ እንፈራለን፤ ካላቀረሸች እናርፋለን። ያቀረሸችበትን ጨርቅ ጠዋት ጠዋት ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ክረምት ነበር። አባቴ ጨው ይዞ ጃጁራ ገበያ ወርዷል። እኛ ሆሳዕና፣ ቤታችን፣ ቆጮ በጎመን እየበላን ዝናቡን እናዳምጣለን። እማዬ አጥብታት ቀና አድርጋ ያዘቻት። ጠበቅን። ምንም የለም።

አክስቴ ሩቂያ ሳቀች። "ዛሬስ ወይዘሮ ሰሚራ ጨዋ ሆነዋል!"

"ማሻአላህ በይ እንጂ!" አለች እማዬ፤ እሷም ግን ፈገግ ብላለች።

ጨርቁን ጉንጯ ሥር አንጥፈን አስተኛናት። አረፍን።

ዝናቡ ሲያባራ እማዬ ጎንበስ ብላ አየቻት። እግሯን ነካች። ደጋግማ ነካች። ከዚያ አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። እኔ ጨርቁን አየሁ። ደረቅ ነበር።

አባቴ ሳይደርስ፣ በዚያው ዕለት ተቀበረች።

"ወተቴ ነው ያነቃት" አለች እማዬ። ይህንኑ ስትል ኖረች። ከዚያ በኋላ የተወለዱትን ስታጠባ በየመሃሉ እያቋረጠች ትንፋሻቸውን ታዳምጥ ነበር።

ትናንት ነርሷ ያለችውን ለእማዬ ነገርኳት። ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ደህና ነው።

"ጨርቁ እኮ ደረቅ ነበር፣ እማ።"

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ታዲያ በማግስቱ ስታጥብ ያየሁህ ምኑን ነው?"

ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሳጥብ ያየችውን ይዛ፣ አቅርሽታ ነበር ብላ ነው የኖረችው። አንዳንድ ሐዘን መያዣ ሲያጣ እጅ የለመደውን ይሠራል። ሰሚራ በተቀበረች ማግስት ጠዋት፣ ማንም ሳያዘኝ ተነሳሁ። በርሜሉ የዝናብ ውሃ ሞልቶ ነበር። ንፁሁን ጨርቅ አጠብኩት፤ ጨመቅኩት፤ እንሰቱ ላይ አሰጣሁት።