ከንፈር የማይነካ ቋንቋ

በስድሳ ስድስቱ ረሃብ እህቴ ኡሙልኸይር አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ። ቤታችን ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። አባታችን ሥራ ፍለጋ ወደ አፋር ወርዶ ቀረ። ያለን አንድ ቁና የማሽላ ዘር ብቻ ነበር። ኡሙልኸይር ከጎጇችን ወለል ስር ቀበረችውና በላዩ ቁርበት አንጥፋ የታመመችውን እናታችንን አስተኛችበት። ዘሩ ከተበላ ዝናብ ቢመጣም የምንዘራው የለም። ሰው ካወቀበት ደግሞ አንድ ቀን አያድርም።

ጎረቤታችን አያ ሸረፈዲን በየቀኑ ደጃችን ይቀመጣል። ዓይኑ ከአፋችን አይነቀልም። 

ስለዚህ ኡሙልኸይር ሌላ ቋንቋ ሠራች። መጀመሪያ ከንፈር የሚያስገጥመውን ድምፅ ሁሉ ጣለች። ቀጥሎ ጠንክሮ የሚፈነዳውን። ከዚያ እኔን ከግድግዳው ውጭ አቁማ እሷ ከውስጥ ታንሾካሹካለች።

«ምን ሰማሽ?»

«‹ስ› ትሰማለች፤ እንደ እባብ።»

«እንግዲያው እሷም ትውጣ።»

አራት አምስት ድምፅ ተረፈን። ጉድጓዱ «ኔል» ሆነ፣ ሰው መጣ «ሂን»፣ እናታችን «ናን»፣ መሄድ «ያል»፣ ዝም በይ «ሌህ»። ካረጀሁ በኋላ ፊደል ስቆጥር «መ» ላይ ከንፈሬ ሲገጥም ቀጥ ብዬ ቀረሁ። «በ»ን፣ «መ»ን፣ «ፈ»ን አንድም ፊደል ሳታውቅ ለይታ ያወጣች እሷ ነበረች።

አንድ ቀን አያ ሸረፈዲን «እናንተ ልጆች፣ ጉሮሯችሁ ውስጥ ወፍ ገባ እንዴ?» አለን።

«ቢገባማ እንበላው ነበር፣ አያ» አለችው። ሳቀ። ዓይኑን ግን አላነሣም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኡሙልኸይር ለእናታችን ውኃ ልታጠጣ ጎንበስ አለችና እንደጎነበሰች ቆየች። እሱ ደጃፍ ላይ ነው። ከንፈሯ ሳይነቃነቅ «ናን ያል። ሌህ» አለችኝ።

ካለቀስኩ ጎረቤት ይገባል፤ ጀናዛው ይነሣል፤ ቁርበቱም ይነሣል። እጄን ነክሼ ተቀመጥሁ። ኡሙልኸይር የእናታችንን ግንባር እያበሰች «ትንሽ ጠጪ እንጂ፣ እማ» ትላለች፣ እሱ እንዲሰማ። ፀሐይዋ የቆመች መሰለኝ። ለዙሁር ሶላት ተነሥቶ ሲሄድ እናታችንን ቀስ አድርገን ወደ ጎን አሸሸናት፤ ዘሩን አውጥተን ባዶ እንስራ ውስጥ ጨመርነው፤ እሷን መልሰን አስተኛናት። ያኔ ጮኽን።

መጀመሪያ የደረሰው አያ ሸረፈዲን ነው። ኢናሊላሂ አለ፤ ጎረቤቶች ተሰብስበው ጀናዛውን ካነሡ በኋላ እሱ ቁርበቱን ገለጠው። የተማሰው አፈር ላይ አራት አምስት የማሽላ ፍሬ ቀርቶ ነበር። አየው። «ኔል» አለች ኡሙልኸይር። 

እሱ በር ላይ ለቆሙት ሰዎች ጀርባውን ሰጠና ፍሬዎቹን በእግሩ አፈር አለበሳቸው።

«አልቅሱ እንጂ ልጆቼ» አለን ቀስ ብሎ። «ወፍ እንኳ ይጮኻል።»

ዝናቡ ሲገባ ኡሙልኸይር ዘሩን ከሁለት ከፈለችው። ግማሹን ለእሱ ወሰደችለት።