የአባቴ የጓሮ ቢራ

ባለፈው ሳምንት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስወርድ ሚኒባሳችን ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተሰለፈች። መኪናው ለወተት ላሞች የሚሆን የቢራ አተላ ጭኖ ነበር፤ ውሃው እየተንጠባጠበ አስፋልቱን ያረጥበዋል። የተቀቀለ ገብስ ሽታ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ፣ በመስኮቱ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና መስኮቱን እንድዘጋላት ለመነችኝ። ዘጋሁላት። ሽታው ግን አንዴ ገብቷል፤ እኔም ሚኒባሷ ውስጥ አልነበርኩም፤ ሰበታ፣ ጓሯችን ውስጥ ነበርኩ።

አባቴ አንድ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው "ጠማቂው" በሚል ስም ነበር። እኔም ትንሽ ልጅ ሳለሁ የክፍል ጓደኞቼ አባታቸው ሹፌር ወይም አስተማሪ እንደሆነ ሲያወሩ፣ የእኔ አባት ቢራ የሚሠራው ሰው ነው እያልኩ እኩራራ ነበር። ጡረታ የወጣው እኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ ወደ ቤት በተመለስኩበት ክረምት ነው።

ሥራ የሌላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲኖሩ ቤቱ ራሱ ይቅበጠበጣል። እኔ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ለማየት በቀን ሦስቴ አስፋልቱ ድረስ እወጣለሁ፤ ስልኬ ጠርቶ ይሆናል ብዬ በየደቂቃው አያለሁ። አባቴ ደግሞ ጠዋት በፈረቃው ሰዓት ተነስቶ ካፖርቱን ይለብሳል፣ ፋብሪካው በር ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ያልተበላሸ መቆለፊያ ይፈታል፤ መልሶ መግጠም ሲያቅተው ትቶት ይወጣል። እናቴ እንደ ታሰረ በግ በዙሪያዋ የምንዞረው ነገር ሰልችቷት አንዳችሁ እንኳ ብትቀመጡ ምን አለ ትል ነበር።

አንድ ጠዋት አዲስ ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀው። አባቴ ይህን የነገረን እየሳቀ ነው፤ ምሳውን ግን አልበላም። በማግስቱ ጓሮ ቆሞ በእግሩ መሬቱን እየለካ አገኘሁት።

"እዚህ ነው የምንተክለው" አለኝ። "የራሳችንን ቢራ እንጠምቃለን።"

የጀመርነው በዚያው ቀን ነው። ከወተት ነጋዴ አሮጌ የማይዝግ ብረት ጋን ገዛን፤ ማፍሊያ እንዲሆነን። ለስላሳ የሚሸጥ ሰው የጣለውን ትልቅ የበረዶ ሣጥን አገኘን፤ ብቅሉ ሙቀቱን ሳይለቅ የሚቀመጥበት እሱ ሆነ። ከፍሪጅ ጠጋኝ የመዳብ ቱቦ ወስደን በዛፍ ግንድ ላይ ጠምጥመን ማቀዝቀዣ ሠራን። ቧንቧዎቹን የሚበይድልን ሰው ቡራዩ ነበር፤ ጋኑን በሚኒባስ ጣሪያ አስረን ስንሄድ ረዳቱ ሬሳ ነው እንዴ እያለ ሲያሾፍ፣ አባቴ ከሰው ሁሉ በላይ ሳቀ። የብየዳው ጭስ፣ የጋለ ብረት ሽታ፣ ብልጭታው ዓይኔን እንዳይጎዳው ፊቴን ሳዞር የሚታየኝ የገፈርሳ መንገድ ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም እስከ ዛሬ አሉ።

በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ነገር ተገጣጠመ። አባቴ ግን አይጠምቅም። ቧንቧው ዝቅ ብሏል ይልና ይፈታዋል። የጋኑ መቆሚያ ዘሟል ይልና ድንጋዩን ይንዳል። እናቴ ለጠላ እንደምታደርገው ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በጉሎ ቅጠል ሸፍና፣ አብቅላ፣ አድርቃ ሰጠችን፤ ወፍጮ ቤት ወስጄ አሸረከትኩት። እሱ ደግሞ ማጣሪያው ተጨማሪ ቀዳዳ ይፈልጋል አለ። እኔም ትዕግሥት አልነበረኝም። ከፈራህ ንገረን አልኩት። ይህን ያልኩት ጎረቤታችን በቆሙበት ነው። እኚህ ሰው ላም የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም በአጭሩ "ኦቦ"፣ በኦሮምኛ "አቶ" እንደ ማለት ነው የምንላቸው። አተላውን ለላሞቻቸው ሊወስዱ ቃል ስለተገባላቸው በየቀኑ "አካም፣ ጠማቂው፣ መቼ ነው?" እያሉ በአጥሩ ብቅ ይሉ ነበር።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና እሳቱን ለኮሰ።

ውሃው መንፈቅፈቅ ሲጀምር፣ ብቅሉ ላይ የፈላ ውሃ አይፈስበትም፣ ሞቅ ያለ ብቻ ነው የሚፈልገው አልኩት። ይህን ከስልኬ አንብቤዋለሁ፤ በትምህርትም አውቀዋለሁ። የፈላ ውሃ ገብሱን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ነገር ይገድለዋል።

"ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" አለና የፈላውን ውሃ በባልዲ ሣጥኑ ውስጥ ባለው ብቅል ላይ ገለበጠው።

እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። ሲገፈፍ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንፎ ነበር። ቧንቧውን ከፈትን፤ ምንም አልወረደም። አባቴ በእንጨት ወጋ፣ አማሰለ፣ ሣጥኑን ነቀነቀ። እናቴ በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ኦቦ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ላሞቹ ይህንንም ይበላሉ ብለው ቀስ ብለው ወጡ።

አባቴን ያገኘሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ውሃ የምናጠራቅምበትን ትልቁን በርሜል በጎኑ አጋድሞ፣ እስከ ወገቡ ገብቶ ያጥባል። የብሩሹ ድምፅ ይሰማኛል፤ እግሮቹ ብቻ ናቸው የሚታዩኝ።

"አባዬ፣ ውጣ" አልኩት።

ብሩሹ አላቆመም። ድምፁ ከበርሜሉ ውስጥ ወፍሮ መጣ። "እኔ ጠማቂ አልነበርኩም። አጣቢ ነበርኩ። ጋኑ ባዶ ሲሆን ይጠሩኛል፣ በጠባቡ በር እገባለሁ፣ አጥቤ እወጣለሁ። ሲሞላ አይቼው አላውቅም።"

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰው በዚያ ዕድሜው ሊል የሚገባውን አላልኩም። ታዲያ ለምን ዋሸኸን አልኩት። ብሩሹ መፋጨቱን ቀጠለ። ትቼው ገባሁ፤ ለሁለት ቀን ያህልም ባለበት አልቀመጥም ነበር። እሱ ጓሮ ሲሆን እኔ አስፋልት፣ እኔ ስመለስ እሱ መንገድ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ልብስ እያጠበች ጠራችኝ። ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ልብሱን የማጥበው እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለችኝ። "የማጠቢያ ሶዳ ሽታ እንጂ የብቅል ሽታ ኖሮት አያውቅም። እጁስ? የጠማቂ እጅ እንደዚያ ይላጣል? ሰፈሩ ነው ጠማቂ ያለው፤ እሱ አይደለሁም ለማለት አፈረ። ከዚያ አንቺ ተወለድሽ፣ ትምህርት ቤት ገባሽ፣ እየተኩራራሽ መጣሽ። ያኔ እንዴት አድርጎ ይንገርሽ?"

የአባቴን እጅ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። መዳፉ ነጣ ያለና እንደ ሸራ የሻከረ ነበር። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ጓሮ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ቴርሞሜትር ገዝቼ ነበር፤ እሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ እኔ ልጥመቅ፣ አንተ እጠብልኝ አልኩት። ዕቃዎቹን በሙሉ ፈታ። ቧንቧውን በሽቦ ጫፍ፣ ጋኑን በአመድና በሙቅ ውሃ፣ የመዳቡን ውስጥ በሎሚ አጠበው። ሲያጥብ አይቼው አላውቅም ነበር። ያ የሚቅበጠበጥ ሰው ጸጥ አለ። ጆሮውን ብረቱ ላይ አስጠግቶ በጥፍሩ ይመታዋል፤ ቆሻሻ ካለ ድምፁ ይደፈናል አለኝ።

በሁለተኛው ጥመቃ ውሃው ልኩን ሲደርስ አወረድነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቧንቧውን ስከፍት ጥቁር ማር የመሰለ ፈሳሽ ወረደ። አባቴ በስኒ ተቀብሎ ቀመሰና ስኒውን ይዞ ቆመ። "ጣፋጭ ነው ለካ" አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ደረጃ ላይ ቀምሶት አያውቅም ነበር። ሌላ መራራ ስላላገኘን የእናቴን ጌሾ ጨምረን አፈላነው፤ አቀዝቅዘን እርሾ ጨመርንበትና ከደንነው።

ከወር በኋላ አንድ እሑድ ጎረቤቶች ጓሯችን ተቀመጡ። ቢራው ቀላ ያለ፣ ጥርት ያለ ነበር፤ በብርጭቆው አሻግረህ የሰው ፊት ታያለህ። ኦቦ ጠጡ፣ ከንፈራቸውን ጠረጉና "ጠማቂው፣ እጅህ ይባረክ" አሉ።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ።

"የጠመቀችው ልጄ ናት" አለ። "እኔ አጣቢ ነኝ፣ ኦቦ። ፋብሪካውም ውስጥ አጣቢ ነበርኩ።"

የመዳቡ ቱቦ ላይ ዝንብ ሲበር ይሰማ ነበር። ኦቦ ብርጭቋቸውን ወደ ፀሐይ አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይህን ሁሉ ዓመት አጣቢ ጎረቤት እያለኝ ነው እንዴ የወተት ዕቃዬን ራሴ የማጥበው?" አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ አባቴም ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ሳቀ። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ፀሐይዋ ጓሮውን ለቃ እስክትጠልቅ ድረስ አልተነሳም።

ብዙም ሳይቆይ ገላን ያለ አንድ ፋብሪካ ለሥራ ጠራኝ። አብረን የጠመቅነው በድምሩ አራት ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ ግን እስከ ዕድሜው የመጨረሻ ክረምት ድረስ በየቅዳሜው ጋኑንም ሣጥኑንም ቱቦውንም አጥቦ፣ አድርቆ፣ መልሶ ይገጥማቸው ነበር። ከዚያ ይደውልልኛል።

"ታጥቧል" ይለኝ ነበር። "መቼ ነው የምትመጪው?"

"በሚቀጥለው ሳምንት፣ አባዬ" እለው ነበር።