ማተሚያውን የሚያዳምጥ ፕሮግራም

ሰሊጥ ሲደርስ ገንዳ ውሃ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤታችን መሸኛ በሚጠብቁ ሾፌሮች ይሞላል። ያለ መሸኛ አንድም የጭነት መኪና ኬላ አያልፍም። ኃላፊያችን ግን በዚያ ሰሞን ከእርሻ እርሻ ስለሚዞሩ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ቀድመው ፈርመውና ማህተም አሳርፈው ይሄዳሉ። ጸሐፊዋ ያንን ወረቀት ማተሚያው ላይ ጭነው መሸኛውን ያትሙበታል።

አንድ ቀን ሁለት መኪኖች በአንድ ቁጥር መሸኛ ኬላ ላይ ተያዙ። «ሁለተኛውን ቅጂ ጸሐፊዋ ሸጠችው» ተባለ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በዚያች ደመወዝ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከሥራ ሊያሰናብቷቸው ኮሚቴ ተቋቋመ። ደሜ ፈላ።

የኮምፒውተር ባለሙያው እኔ ስለነበርኩ ነገሩ ገብቶኛል። መብራት ሄድ መጣ ሲል ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፣ ማተሚያው ግን ይጠፋል። እትዬ «አትም» የሚለውን ይጫናሉ፣ የሚወጣ ወረቀት የለም። ሾፌሩ ቆሞ ሲያጣድፋቸው ደግመው ይጫናሉ። መብራት ሲመለስ የተላከው ሁሉ ተከታትሎ ይወጣል። ይህን ለኮሚቴው ባስረዳ «በማሽን አታመካኝ» ብለው ከክፍሉ አስወጡኝ።

እንግዲያው ዓይናቸው እያየ አሳያቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ማተሚያውን የሚያዳምጥ ፕሮግራም መጻፍ ያዝኩ፤ ሥራ ሲላክ፣ ሲጠብቅና ሲታተም ወዲያው ስክሪን ላይ የሚናገር። የመጀመሪያው ጉድ ሠራኝ። ማተሚያው ጠፍቶ እያለ «ታትሟል» ይለኛል። ለካ ፋይሉ ወረፋ መግባቱን እንደ መታተም ቆጥሮት ኖሯል። እልህ ያዘኝ። በዚያ ሙቀት ላቤ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ አፍርሼ እንደገና ጻፍኩት።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ዕለት ያው ማህተም ያለበት ወረቀት ማተሚያው ላይ ተጭኗል። የማተሚያውን የመብራት ገመድ ማንም ሳያየኝ ነቅያለሁ።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ አንድ መሸኛ ያትሙልን» አልኳቸው ኃላፊውን።

ተጫኑ። ጠበቁ። ደግመው ተጫኑ። ስክሪኑ «ሁለት ሥራ ወረፋ ላይ፤ የታተመ የለም» ይላል፤ የእሳቸው ዓይን ግን የወረቀቱ መውጫ ላይ ነው። ተበሳጭተው ለሦስተኛ ጊዜ ተጫኑ። ይሄኔ ገመዱን ሰካሁት። ፕሮግራሙ «ታትሟል» እያለ በቆጠረ ቁጥር አንድ መሸኛ ወጣ፤ ሦስቱም የተፈረመባቸው፣ ሦስቱም ማህተም ያላቸው።

ኃላፊው አንዱን ለሰብሳቢው ሰጡ። ሁለቱን ሳያስቡት አጠፍ አድርገው ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔም እንደርስዎ ነው የተረፈኝ፣ ጌታዬ» አሉ በሩ አጠገብ ቆመው የነበሩት እትዬ። «ቀሚሴ ኪስ የለውም፤ ሾፌሮቹ የሚደገፉት ጠረጴዛ ላይ ተውኩት።»