ነጯ ጀሪካን

መርሳ ላይ ጎሚስታ ነኝ፤ ያደግሁት ግን አሰብ ነው። የባህር ናፍቆት ሲብስብኝ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ጓደኛዬን ለመንኩት። ኦቦክ በምትባለው የጅቡቲ የባህር ዳር ከተማ አጠገብ፣ የባህሩ ጨዋማ ውሃና ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ከሚቀላቀሉበት ኩሬ ትንሽ እንዲቀዳልኝ። ልጅ ሆኜ የምውለው እንዲህ ባለ ኩሬ ዳር ነበር። ዛፎቹ ውሃው ውስጥ ቆመው ያድጋሉ። በሥሮቻቸው መሃል ጥቃቅን ዓሣ ይደበቃል፣ ሸርጣን ይሯሯጣል፤ ፍላሚንጎው አንገቱን ደፍቶ ጭቃውን በመንቆሩ ያጠልላል።

ጓደኛዬ በትንሽ ነጭ ጀሪካን አመጣልኝ። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸት ከጎኔ ማንጎ የሚሸጡት እማማ ዘሃራ ገቡ። ጀሪካኗን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አልሃምዱሊላህ! ዘምዘም ነው? አቅምሰኝ በአላህ!»

ከመካ የሚመጣው የተባረከ የዘምዘም ውሃ በእንዲህ ያለ ጀሪካን ስለሆነ አልፈርድባቸውም። «እማማ፣ ይሄ እኮ...» ስል ኩባያ ሞልተው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ዞረዋል። ዱዓ ደግሞ እንዴት ይቋረጣል? በባህር ወደ ሳዑዲ ሄዶ ድምፁ ለጠፋው ልጃቸው ለመሐመድ ለመኑና ጨለጡት። አፋቸው ተጣመመ።

«ዘንድሮስ ጨው በዝቶበታል» አሉ።

እያፈርኩ እውነቱን ነገርኳቸው። እርግማን ስጠብቅ፣ «ኦቦክ አልክ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «መሐመድ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ከዚያ ነው። ጀልባው እስኪመጣ፣ ዛፍ ውሃ ውስጥ የበቀለበት ቦታ ተደብቀናል አለኝ።»

ኩባያውን እንደገና እንድሞላላቸው ዘረጉልኝ።