ናኮንግ «የለም» ያለች ቀን

ካምፓላ ምክር ቤት ውስጥ ናኮንግን «ሥልጣን የሌላት ሚኒስትር» እያሉ ያሾፉባታል። የተቃዋሚዎቹ የካራሞጃ አውራጃ ጉዳይ ቃል አቀባይ ናት። ሥራዋ የመንግሥቱ የካራሞጃ ሚኒስትር ስለ አገሯ ያወራውን ሁሉ እየተከተሉ «እስቲ አሳየን» ማለት ነው። ሹመት ከተባለ እንጀራ የማይወጣው ሹመት ነው፤ እሷ ግን አንዴ ከያዘች አትለቅም።

ያን ሰሞን የያዘችው የናኮሪት መንደርን የውሃ ግድብ ነበር። ሚኒስትሩ ተሠርቶ ሞልቷል ይላል። ናኮንግ በዓይኗ ያየችው ግን የተሰነጣጠቀ ጭቃና ጥም የገደላቸው ጥጆችን ነው። ምክር ቤቱ ጉዳዩን ሊዘጋ በተሰበሰበ ዕለት ሚኒስትሩ ቪዲዮ አስከፈተ። የናኮሪት ሽማግሌ አፓሎሪስ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ በትሩን አንስቶ «ውሃ አለ?» ይላል። የተቀመጠው ወንድ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አለ!» ይላል።

«ከብቱ ጠጥቷል?»

«ጠጥቷል!»

«እንግዲህ ባለቤቶቹ ከመሰከሩ፣ እመቤቲቱ ምን ቀራቸው?» አለ ሚኒስትሩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

የናኮንግ ደም ፈላ። ይህ ጸሎት እንጂ ምስክርነት አይደለም! በካራሞጃ አምላክ አኩጅ የሚለመነው የሌለውን እንዳለ አድርጎ በመጥራት ነው። የታመመው «ድኗል»፣ ያልዘነበውም «ዘንቧል» ይባላል። እዚያ ላይ «የለም» ያለ ሰው ዝናብን ከመንገድ የመለሰ እርጉም ነው። ለሻይ ዕረፍት ሲወጡ ወደ ሽማግሌው ደወለች።

«አባቴ፣ ጸሎታችሁን ለምስክርነት አቀረቡብን።»

«ያ ካሜራ የያዘው? ለመታሰቢያ ነው ብሎን!»

«ዛሬ 'የለም' ካላልኩ ግድቡ ተሠራ ተብሎ ይዘጋል።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! ለአኩጅ የተባለ አይመለስም። ጸሎት ነው ብለሽ አስረጃቸው።»

«ባስረዳስ? 'ታዲያ ውሃው አለ ወይስ የለም?' ይሉኛል።»

አፓሎሪስ ስልኩን ዘጋባት።

ወደ አዳራሹ ተመልሳ ለመናገር ተነሳች። ሚኒስትሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ የፈራችው የገዛ ሰዎቿን እርግማን ነው። የጸሎቱን ወግ አንድ በአንድ አስረዳች። አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን አዩ።

«ገብቶናል፣ የተከበሩ። ባጭሩ፣ ውሃ አለ ወይስ የለም?»

ናኮንግ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«የለም!» አለች። «ጠብታ የለም! ያላመነ ተነስቶ አብሮኝ ይሂድና ይቅዳልኝ!»

የሳቀ አልነበረም። ጉዳዩ ሳይዘጋ ቀረ፤ ግድቡን ሄዶ የሚያይ ኮሚቴም ተመረጠ። ከአዳራሹ ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ።

«በሬዲዮ ሰማን» አለ አፓሎሪስ። «ዝናቡን መልሳለች ብለው ሽማግሌዎቹ ጥቁር በሬ ፈርደውብሻል።»

«እከፍላለሁ፣ አባቴ።»

«ሬዲዮው ይቆራረጥብናል። ስትይው ጮኸሽ ነው ወይስ እያጉረመረምሽ?»

«ጮኼ ነው።»

«ደግ አደረግሽ፤ ካሉት አይቀር እንዲሰማ ነው። አጉረምርመሽ ቢሆን ሁለት በሬ ነበር።»