እትዬ አስናቀች ብቻቸውን የተነሱት ፎቶ

ፎቶ አንሺው ፋንታ የብቸና ከተማን ሰው መልክ ለልጅ ልጅ ለማቆየት ብሎ ቅኔ መምህሩንም፣ ልብስ ሰፊውንም፣ ከሩቅ ተመድባ የመጣችውን ነርስም ፎቶ አንስቷል። ሰፌድ ሰፍተው የሚሸጡት እትዬ አስናቀች ብቻ ለዓመታት እንቢ አሉት። "ልጄ ፍሬ ከሱዳን ሲመለስ አብረን እንነሳለን" ይሉት ነበር። ፍሬ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ድምፁም ጠፍቷል።

ዘንድሮ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ራሳቸው ስቱዲዮው ድረስ መጡ።

"ብቻዬን አንሳኝ" አሉት።

"ፍሬስ፣ እትዬ?"

"እሱማ ይመጣል። እኔ ግን እያረጀሁ ነው፤ ሲመጣ የሚያውቃትን እናቱን ይይ ብዬ ነው።"

ፋንታ አነሳቸው። ፎቶውንም ከመናኸሪያው ትይዩ ባለው መስኮቱ ላይ፣ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሁሉ እንዲያየው ሰቀለው። እትዬ አስናቀች ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ እዚያ ይቆማሉ፤ የሚያዩት ግን ፎቷቸውን ሳይሆን ከአውቶቡሱ የሚወርዱትን ነው።